ከሶፋ በላይ የሚሰቀል የሠርግ ፎቶ፦ ስንት በስንት ይሁን?

የሰሚቷ፦

ሰላም ቤተሰብ። ኮንዶሚኒየማችን ገብተን ቀለም ተቀባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ሶፋውም መጣ። ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ ግን እስካሁን ባዶ ነው። የሠርጋችንን ፎቶ በካንቫስ አሳትመን እንስቀልበት ብለናል፣ እዚህ ድረስ ሰላም ነን። መጠኑ ላይ ነው ያልተግባባነው።

ማተሚያ ቤቱ ያቀረበልን 40 በ60፣ 50 በ70፣ 60 በ90 እና 80 በ120 ነው፣ ሁሉም በሳንቲም። ባሌ «ትልቁን ነው እንጂ፣ ሠርግ በየዓመቱ አይደገስ» ይላል። እኔ 80 በ120 ሳሎኑን ይውጠዋል ባይ ነኝ፤ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁና እንግዳ በመጣ ቁጥር የገዛ ፊቴ በዚያ መጠን ከኋላዬ ተሰቅሎ ቡና ማፍላት ያሳፍረኛል። ለእኔ 40 በ60 በቂ ነው። አማቴ ደግሞ መጥተው አዩና «ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ነገ ልጅ ሲመጣ እንዳይነካው» ብለው ሄዱ።

ልኩ ይኸው። ግድግዳው ወርዱ 3 ሜትር ከ80፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ከ60። ሶፋው ኤል ሼፕ ነው፤ ግድግዳውን የተደገፈው ረጅሙ ጎን 2 ሜትር ከ40፣ የመደገፊያው ከፍታ 85 ሳንቲም። ፊት ለፊቱ ቲቪው ነው፣ መሃላቸው 3 ሜትር ገደማ። የመረጥነው ፎቶ ቁም ነው፣ አግድም አይደለም። ፋይሉን ፎቶግራፈሩ በቴሌግራም ነው የላከልን።

ሌላም አለኝ። የእማዬ ፎቶ። ነፍሷን ይማርና በወጣትነቷ የተነሳችው ይቺ ብቻ ናት፣ የድሮ ስቱዲዮ ጥቁርና ነጭ፣ 9 በ13። እሷንም ሳሎን ማድረግ እፈልጋለሁ። ምን ያህል ማሳደግ ይቻላል? በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ማተሚያ ቤቱ «ምንም ይቻላል» ነው የሚለው።


ቤት አሳማሪ፦

እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ልክሽን ለክተሽ መምጣትሽ ግማሽ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው «ሳሎኔ መካከለኛ ነው» ብሎ ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል።

የማተሚያ ቤቱን ዝርዝር ለጊዜው እርሺውና ከሶፋው ተነሺ። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ነገር ወርዱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሆን ነው ደስ የሚለው፣ እስከ ሦስት አራተኛም ቢሄድ ያምራል። ያንቺ 240 ስለሆነ ከ160 እስከ 180 ሳንቲም ወርድ ያስፈልግሻል ማለት ነው። አሁን የባልሽን 80 በ120 እዪው። ፎቶው ቁም ስለሆነ ወርዱ 80 ብቻ ነው፣ የሶፋው አንድ ሦስተኛ። ቁመቱ ግን 120። ከመደገፊያው 20 ሳንቲም ከፍ ብሎ ቢጀምር ግርጌው 105 ላይ ይሆንና አናቱ 225 ይደርሳል፣ ከኮርኒሱ 35 ሳንቲም ነው የሚቀረው። ግራና ቀኙ ደግሞ ሜዳ። ከሶፋው ጀርባ በር የተከፈተ ነው የሚመስለው።

ያንቺ 40 በ60 ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፣ ይቅርታ። ወርዱ 40፣ የሶፋው አንድ ስድስተኛ። 3 ሜትር ከ80 ግድግዳ ላይ ብቻውን ይጠፋል።

እኔ ብሆን ሦስት ቁም ፎቶ ጎን ለጎን እሰቅላለሁ። እያንዳንዱ ወርዱ 50፣ በመሃላቸው 6፣ 6 ሳንቲም ክፍተት። ድምሩ 162። ቁጭ! የሶፋሽ ሁለት ሦስተኛ። ክፍተቱን ከ8 በላይ አታድርጊው፣ ሲራራቁ ሦስቱ እንደ አንድ መታየታቸው ይቀራል። አንድ ብቻ ነው የምንፈልገው ካላችሁ ግን አግድም ፎቶ ፈልጉና 100 በ150 አሳትሙ። 80 በ120ውም አግድም ከሆነ ወርዱ 120 ስለሚሆን የሶፋውን ግማሽ ይይዛል፣ ትንሽ ያንሳል ግን ከጎኑ የቁም መብራት ወይም ረዘም ያለ ተክል ብታስቀምጪ ይሸፈናል።

ደግሞ ኤል ሼፕ ስለሆነ ተጠንቀቂ። መሃሉን የምትለኪው ግድግዳውን የተደገፈው ጎን ላይ ነው። የግድግዳውን መሃል ይዘሽ ከሰቀልሽ ሶፋው ወደ አንድ ማዕዘን ስለተጠጋ ፎቶው ከሶፋው ጋር የተጣላ ይመስላል።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ካርቶን በልኩ ቆርጠሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ተራ ፕላስተር ይልጠዋል፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ግዢ። ቀንም ማታም እዪው፣ ከቲቪው በኩል እዪው፣ ከበሩ ስትገቢ እዪው። ባልሽም ይይ። 80 በ120 ካርቶን ሲለጠፍ እሱ ራሱ ምን እንደሚል ንገሪን 😄


ባዶ ግድግዳ፦

ባዶውን ተዉት። ቤት ሁሉ በፎቶ ካልተሞላ አይሆንም ያለው ማነው? ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል።


የሰሚቷ፦

@ባዶ ግድግዳ አማቴን አንተ አሳምንልኝ እሺ።


ካሜራ ያዡ፦

ከሁሉ በፊት ፋይሉ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ሆኖ ነው የሚደርስሽ። ስልክ ላይ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰው አይጠረጥርም፣ ካንቫስ ላይ ሲወጣ ግን ፊት ሁሉ ይደበዝዛል።

አንድ ቀላል ስሌት ልስጥሽ። ስልክሽ ላይ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ክፈቺና ረጅሙን ጎን በፒክስል እዪ። ያንን ቁጥር ለ60 አካፍዪው። የሚመጣው ቁጥር በሳንቲም፣ ቀርቦ ለሚያይም ሰው ጥራቱ የማይጓደልበት ርዝመት ነው። እንዳንቺ ከ3 ሜትር የሚታይ ከሆነ ለ40 ብታካፍዪውም ይሄዳል። ለምሳሌ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠው 6000 በ4000 ነው። 6000 ለ60፣ 100 ሳንቲም። ለ40 ከሆነ 150። ስለዚህ ዋናው ፋይል ካለሽና ብዙ ካልተቆረጠ ቤት አሳማሪ ያለችው 100 በ150 ድረስ ትሄጃለሽ። ያ የቴሌግራሙ 1280 ግን ለ40 ሲካፈል 32 ሳንቲም ነው። 32! የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ነው፣ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። «ምንም ይቻላል» ያለሽ ማተሚያ ቤት ማተሙን ነው የሚችለው። ፎቶግራፈርሽን ዋናውን ፋይል ጠይቂው፣ ወይ በፍላሽ ይስጥሽ ወይ በቴሌግራም «ፋይል» በሚለው በኩል ይላክልሽ፣ በዚያ በኩል አይጨመቅም።

ሁለተኛው ነገር ቅርጹ። የእኛ ካሜራዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት 2 ለ3 ነው። 40 በ60፣ 60 በ90፣ 80 በ120 ሁሉም 2 ለ3 ናቸው፣ ፎቶው ሳይቆረጥ ልክክ ይላል። 50 በ70 ግን አይደለም። ወርዱን 50 ካደረግሽው ሙሉው ፎቶ 75 ቁመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ 5 ሳንቲም ከላይ ወይም ከታች ይሄዳል። የቬሎሽ ጫፍ ወይም ከራስሽ በላይ ያለው ክፍት ቦታ ነው የሚቆረጠው። በስልክ የተነሳ ደግሞ 3 ለ4 ነው፣ እሱ ለብቻው ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ 50 በ75 ሥሩልኝ በያቸው። ካንቫስ እኮ እንጨቱ ላይ ነው የሚወጠረው፣ እንጨቱን በፈለግሽው ልክ መቁረጥ ይቻላል። ዝርዝሩ ላይ የለም ቢሉሽ አትመኛቸው።

ሌላ፣ ካንቫስ ሲወጠር ዙሪያውን 3 ወይም 4 ሳንቲም ወደ እንጨቱ ጎን ይታጠፋል። ፎቶሽ ላይ የሰው እጅ ወይም የቀሚስ ዘርፍ ጠርዝ ላይ ካለ ታጥፎ ይቀራል። ከማተማቸው በፊት ጠርዙን የምስሉን ዳር ገልብጠው እንዲያስረዝሙልሽ ንገሪያቸው፣ ያኔ ከፊት ለፊት የሚታየው ሳይነካ ይቀራል።

«የገዛ ፊቴ ያሳፍረኛል» ላልሽው፣ ያ ስሜት የሚመጣው ከካንቫሱ ይልቅ ከፊቱ መጠን ነው። የሰው ራስ ከአገጭ እስከ አናት 22 ወይም 23 ሳንቲም ነው። ፎቶው ላይ ያለው ፊት ከዚህ ከበለጠ ከእውነተኛው ሰው ገዝፎ ይታያልና ሳሎን ውስጥ ይከብዳል። ከሩቅ የተነሳችሁት ሙሉ ቁመት ከሆነ ግን 80 በ120 ላይ እንኳ ፊታችሁ ትንሽ ነው። ሦስት የምትሰቅሉ ከሆነ መሃሉ ላይ እናንተ ሁኑ፣ ግራና ቀኙን ግን ሦስት ጊዜ ካሜራ የሚያዩ ሙሽሮች አታድርጉት። ከመልሱ ቀን በካባ ሆናችሁ ስትሄዱ ከኋላ የተነሳ ይኖራችኋል፣ ጉልበት ስትስሙ የተነሳ ይኖራል። እንደዚያ ያለ ፎቶ በዓመታት መሃል አይሰለችም።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ ግን አግድም ሆኖ። ሦስት ካንቫስ ጎን ለጎን አሁን የሁሉም ሰው ሳሎን ነው፣ የሆቴል መቀበያ ይሆናል። አንድ ትልቅ፣ አንድ ጥሩ ፎቶ፣ በቃ። ሚዜዎቹም ቤተሰቡም ያሉበት ሰፊ አግድም ፎቶ ካላችሁ እሱን 100 በ150 አድርጉት። ሰው ቆሞ «ይሄ እኮ እገሌ ነው» እያለ ያየዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ከዚህ ከአሜሪካ ዘመድ ያሳትምልኝ ብትዪ መጠኑን በሳንቲም ጻፊለት። እዚህ ሁሉም በኢንች ነው። «40 በ60 ላኩልኝ» ካልሽው 40 በ60 ኢንች ያዝልሻል፣ እሱ ደግሞ 102 በ152 ሳንቲም ገደማ ነው። ያንቺ 40 በ60 እዚህ 16 በ24 ይባላል። 50 በ75 ያሏችሁ 20 በ30ውን በጣም ይቀርበዋል፣ ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ገደማ ነው።

ከተላከልሽም ሳይወጠር ተጠቅልሎ ይምጣ። የተወጠረ 60 በ90 ካንቫስ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ካርቶን ተደርጎ ሲጫን ደግሞ ማዕዘኑ ይጎዳል። ተጠቅልሎ ከመጣ እዚያ አናጺ ይወጥርልሻል፣ ዙሪያውን 5 ሳንቲም ትርፍ ጨርቅ ይተዉ ብቻ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው ካልሽ አዲስ አበባ አሳትሚው፣ ጥሩ ማተሚያ ሞልቷል።


ጋሽ ምስማር፦

ልጆቼ ስለ መጠን ተጨቃጨቃችሁ፣ ስለ ግድግዳው ማንም አልጠየቀም። እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ።

ልጄ መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኪው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁሉም ግድግዳ አንድ ዓይነት አይደለም። ብሎኬት ከሆነ ወፍራም ድምፅ አለው፣ ውስጡ ግን ክፍት ስለሆነ ተራ ምስማር ይገባና ከጊዜ በኋላ ይላላል። ድሪልና ፊሸር፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ያስፈልግሻል። ኮለን፣ ማለት ምሰሶው ላይ፣ ከገጠመሽ ኮንክሪት ነው፣ መዶሻ ያለው ድሪል ካልሆነ አይበሳውም። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ አግሮስቶን የሚባለው ተገጣጣሚ ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ሌላ ነው፣ ስታንኳኪው ይነግርሻል። እሱ ላይ ከባድ መስታወት ያለው ፍሬም አትስቀዪ። ካንቫስ ቀላል ስለሆነ ይችለዋል። ለዚህም ነው እኔ ለኮንዶሚኒየም ሰው ትልቅ ከሆነ ካንቫስ፣ መስታወት ከሆነ ትንሽ የምለው።

ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይ አትብሺ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሦስት የምትሰቅሉ ከሆነ በዓይን አትመኑ፣ ውሃ ልክ ተበደሩ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ማንጠልጠያ አድርጉ። አንድ ከሆነ በር በተዘጋ ቁጥር ይዘማል፣ ሦስት ፎቶ ለየብቻው ሲዘም ደግሞ ሰው ያሳብዳል። ከኋላው ሽቦ ያለው ከሆነ ሽቦውን ወደ ላይ ወጥራችሁ ከተወጠረበት ነጥብ እስከ ፍሬሙ አናት ለኩ፣ ቀዳዳው የሚወርደው በዚያ ልክ ነው።

አማትሽ ያሉትን ደግሞ አትናቂ። እኛ ባደግንባቸው ቤቶች ፎቶ ከጣሪያ ሥር ነበር የሚሰቀለው፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ። ምክንያት ነበረው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ልጅ ይሮጣል። ዘንበል የሚለውም ከታች ለተቀመጠ ሰው እንዲታይ ነው። አንቺ ግን ሶፋው ራሱ ሰውን ከግድግዳው አርቆልሻል። ፎቶውን ከመደገፊያው ከ15 እስከ 25 ሳንቲም ከፍ አድርጊው፣ ከዚያ በላይ ከወጣ ከሶፋው ጋር ዝምድናው ይቋረጣል። ልጁ ሶፋ ላይ መቆም ሲጀምር ያኔ እንነጋገራለን።


ቤት አሳማሪ፦

ጋሼ እጅ ይባረክ። አግሮስቶኑን እኔም ረስቼው ነበር።

ስለ ከፍታው አንድ ልጨምር። ጋለሪዎች የሥዕሉን መሃል ከወለል 145 ወይም 150 ሳንቲም አካባቢ ያደርጋሉ፣ የቆመ ሰው ዓይን እዚያ ስለሆነ። ያንቺን ብናሰላው፣ 50 በ75ቱ ከመደገፊያው 20 ከፍ ብለው ግርጌያቸው 105 ላይ ቢያርፍ አናታቸው 180፣ መሃላቸው 142 ተኩል ይመጣል። ሳሎን ውስጥ ሰው ተቀምጦ ስለሚያይ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው። የባልሽ ቁም 80 በ120 ግን መሃሉ 165 ላይ ይሆናል። ከሶፋው ሆኖ ለሚያይ ሰው አንገት ማንጋጠጥ ነው።

የእናትሽን ፎቶ ግን ሁሉም ዘለለው። እሷን ከሠርጉ ፎቶ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ አታጋፊያት። 9 በ13ቱን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አስደርጊው፣ በሁለት እጥፍ 18 በ26 ስታሳትሚው ጥራቱ ሙሉ ነው። ከዚያ በላይ እያሳደግሽ ስትሄጂ የወረቀቱ ጭረትና ፍርፋሪ ነው የሚጎላው፣ ፊቷ አይደለም። 60 በ90 እናድርገው የሚልሽ ካለ አትስሚው። 18 በ26ቱን 40 በ50 ፍሬም ውስጥ አስገቢውና በፎቶውና በፍሬሙ መሃል ሰፊ ነጭ ካርቶን ይሁን። ትንሽ ፎቶ ሰፊ ነጭ ሲከበው ሰው ቀረብ ብሎ ያየዋል፣ ለእናት ፎቶ ደግሞ ይሄ ይገባል። ከበሩ ስትገቢ ያለው ጠባብ ግድግዳ ወይም ከቡፌው በላይ፣ በሰው ፊት ከፍታ። ዋናውን ፎቶ አትስቀዪ፣ ቅጂውን ስቀዪና ዋናውን ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። መስታወቱም ከመስኮት ትይዩ ከሆነ ቀን ቀን መስኮቱን ነው የምታዪው።


የሰሚቷ፦

ኧረ ተባረኩልኝ! ካርቶኑን ለጠፍነው። የ80 በ120ውን ቁም ባሌ ራሱ አይቶ «ይሄማ ቁምሳጥን ነው» አለ፣ እኔ ምንም አልተናገርኩም 😂 የእኔም 40 በ60 ተለጥፎ ሲታይ ያሳዝናል፣ አልዋሽም። አግድሙን 100 በ150 ሞከርነው፣ ያምራል፣ ግን ያን ያህል የሚሆን አግድም ፎቶ የለንም፣ ያለው ላይ አንዱ አጎት ዓይኑን ጨፍኗል። ስለዚህ ሦስቱ 50 በ75 ሆኗል። መሃሉ እኛ፣ በግራ የመልሱ ከኋላ የተነሳው፣ በቀኝ ላይ ገና አልተስማማንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ይቅርታሽን፣ የሆቴል መቀበያ ልንሆን ነው።

የእማዬን ቦታ አገኘሁላት፣ ከበሩ ጎን። ግድግዳውንም አንኳኳሁት፣ ከሶፋው ጀርባ ያለው ብሎኬት ነው መሰለኝ፣ ወፍራም ድምፅ አለው።

ካሜራ ያዡ፣ ፎቶግራፈሩ ጋ ደውዬ ነበር። «ጥሬውን ሮው ነው የምትፈልጊው ወይስ ጄፔግ?» አለኝና ግራ ገባኝ። ሮው ለብቻው ያስከፍላል አለ። የትኛውን ልበለው?


ካሜራ ያዡ፦

ጄፔጉን። ሮው ያልተሠራ ፋይል ነው፣ ቀለሙም ብርሃኑም ገና አልተስተካከለም፣ ማተሚያ ቤቱም አይቀበልሽም። «የተስተካከለውን ጄፔግ በሙሉ መጠኑ» በዪው። ሲደርስሽ ረጅሙን ጎን እዪ፣ ለ50 በ75 ከ4500 ፒክስል በላይ ከሆነ ሳታስቢ አሳትሚ፣ ከ3000 በታች ከሆነ ግን መልሰሽ ደውዪለት።